ጋዜጣ ላይ የተሣለው ማጉያ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1927 ማለዳ፣ ሃሮልድ ብላክ የተባለ የ29 ዓመት የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በጀልባ ከኒው ጀርሲ ወደ ማንሃተን ይሻገር ነበር። ለዓመታት ያስጨነቀው ነገር አንድ ነው፤ ድምፅን ሳያዛቡ ማጉላት።

የሩቅ ስልክ ያን ጊዜ በየመንገዱ የተተከሉ ማጉያዎች እየተቀባበሉ ነበር የሚያደርሱት። ከአፍ አፍ እንደሚያልፍ ወሬ፣ አንዱ ያበላሸውን ቀጣዩ አጉልቶ፣ የራሱንም አክሎ ያሳልፋል። ሌሎች ድምፅ የማያዛባ ቲዩብ (ማጉያው የሚሠራበትን የቫኪዩም ቱቦ) ለመሥራት ሲደክሙ ብላክ ሌላ ጥያቄ ያዘ፤ ቲዩቡ ከነጉድለቱ ይሁን፣ መዛባቱን ከወጣ በኋላ መቀነስ አይቻልም ወይ? በ1923 ያገኘው መላ ይሠራ ነበር፤ በየሰዓቱ ካላስተካከሉት ግን ይበላሻል።

መልሱ ጀልባው ላይ መጣ። ከማጉያው ከሚወጣው ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ! የማጉላት ኃይሉ ብዙው ይባክናል፤ መዛባቱ ግን ተገልብጦ ስለሚመለስ አብዛኛው እርስ በርሱ ይጣፋል። ሥዕሉንና ቀመሩን በያዘው ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽፎ ፈረመበት። ዲሴምበር ላይ ሲሞከር መዛባቱ መቶ ሺህ እጥፍ ቀነሰ።

ቶሎ ያመነው ግን አልነበረም። ያገኘውን ኃይል ሆን ብሎ የሚጥል ማጉያ ምን ይባላል? የእንግሊዝ የፓተንት ቢሮ ያለ ነዳጅ ለዘላለም እንደሚሽከረከር ማሽን እንደቆጠረበት ብላክ ራሱ ጽፏል። የአሜሪካው ፓተንትም የተሰጠው ከ9 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1937 ነው።

ዛሬ ለቤት ሲኒማ ባለ 7 ቻናል ፓወር አምፕሊፋየር የሚመርጥ ሰው ዝርዝሩ ላይ «መዛባት 0.005%» የሚል ያነባል። ከነጥቡ በኋላ የተደረደረው ዜሮ በአብዛኛው የዚያ ጀልባ ውጤት ነው። ርካሹም ውዱም በብላክ ዘዴ ስለሚጠቀም፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ቁጥር ለመምረጫ ብዙም አይረዳም። ልዩነቱ ያለው ጉልበቱ ላይ ነው። ቻናሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፓወር ሰፕላይ ይጋራሉ፤ «በቻናል 100 ዋት» የተባለው ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ ተለክቶ ከሆነ፣ ሰባቱም ባንዴ ሲጮኹ አይገኝም። ጉልበቱ ሲያልቅ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፤ ያኔ የብላክም ዘዴ አያድነውም።

ከ100 ወደ 120 ዋት ለመውጣት ደግሞ ገንዘብ አትጨምሩ። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይልቅ ሁሉም ቻናሎች ባንድ ጊዜ ሲሠሩ፣ በስፒከራችሁ ኦም ልክ፣ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ የአምራቹን ማኑዋል ሳታዩ አትክፈሉ።