ገንዘቡን የሚሰጠው መንግሥት፤ ጥያቄውን የሚመርጠውስ?

የአሜሪካ መንግሥት በኢነርጂ ሚኒስቴሩ ሥር 17 ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች አሉት። በአብዛኞቹ ሕንፃውና መሣሪያው የመንግሥት ቢሆንም፣ የሚሠራበት ሰው ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። የሚቀጥረው በውል የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲ ወይም ኩባንያ ነው። ይህ አሠራር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አንድ ክርክር ሲያስነሳ ኖሯል። ምን እንደሚመረመር የሚወስነው በጀቱን የሚፈርመው ዋሽንግተን ነው ወይስ መሣሪያው ፊት የተቀመጠው ሳይንቲስት? በ2015 ሪፖርቱን ያቀረበ አንድ በኮንግረስ የተቋቋመ ኮሚሽን፣ ከእርሱ በፊት በነበሩት 40 ዓመታት ስለእነዚህ ተቋማት የተካሄዱት ጥናቶችና ግምገማዎች ከ50 እንደሚበልጡ ገልጿል። ሃምሳ ጊዜ ተጠይቆ ያልተዘጋ ጉዳይ ሌላ ኮሚሽን ቢቋቋምለትም የሚዘጋ አይመስለኝም። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክርክሩ ከአንድ ቦታ ታሪክ ጋር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ግቢ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በዕድሜ ከአንጋፎቹ አንዱ ነው፤ ምስጢራዊ ምርምርም አይካሄድበትም። ኧርነስት ሎረንስ በ1931 ሲመሠርተው የፌዴራሉ መንግሥት እጁን አላስገባም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ከባለጠጎች ነበር። የሎረንስ የመጀመሪያው የአቶም ቅንጣት ማፍጠኛ፣ ሳይክሎትሮን የሚባለው፣ በመዳፍ የሚያዝ ነበር። በ1940 ግን ሎረንስ ለአዲሱ ግዙፍ ሳይክሎትሮን ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ብቻ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ለጋሾችን የሚያጓጓው ከአቶሙ ይልቅ የሕክምና ተስፋው መሆኑን ያውቅ ስለነበር፣ ሐኪም ወንድሙን ጆንን አምጥቶ በቤተ ሙከራው የሚመረቱትን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ለበሽተኞች እንዲሞክር አደረገ። ጥያቄውን ለገንዘብ ሰጪው በሚጥም መልክ ማቅረብ እንግዲህ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም።

በዚያው በ1940 የካቲት ላይ ማርቲን ኬመንና ሳሙኤል ሩበን እዚያው ካርቦን 14ን አገኙ። የፈለጉት እፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚሠሩ የሚከታተሉበት ምልክት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቺካጎ ላይ ዊላርድ ሊቢ የጥንት ዕቃ ዕድሜ መለኪያ አደረገው። ዐድዋ አቅራቢያ ባለው ገዳም የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው የተረጋገጠው በዚሁ ካርቦን ነው። የብራናን ዕድሜ ለመለካት ገንዘብ ስጡ ብሎ ሳይክሎትሮን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጦርነቱ ሁሉን ለወጠ። ቤተ ሙከራው ለአቶም ቦምቡ ዩራኒየም የሚለይበትን ዘዴ ሠራ፤ ከ1947 ጀምሮ ደግሞ የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ዋና ገንዘብ ሰጪው ሆነ። በ1952 ለጦር መሣሪያ ሥራ ሊቨርሞር ላይ ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ በ1971፣ በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ዘመን፣ ሁለቱ ተለያዩ። ቦምቡ ከኮረብታው ወረደ፤ በጀቱ ግን ከዋሽንግተን መምጣቱን ቀጠለ።

የዛሬውን አወቃቀር ለመረዳት ሁለት ዝርዝሮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። አንዱ የተቋሙ የምርምር ዘርፎች ዝርዝር ነው፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ማቴሪያል፣ ኮምፒውተር፣ ሥነ ሕይወት፣ የመሬትና የአካባቢ ሳይንስ፣ የኢነርጂ ቴክኖሎጂ እያለ ይቀጥላል። ሌላው የሚኒስቴሩ መርሐ ግብሮች ዝርዝር ነው፤ የከፍተኛ ኢነርጂ ፊዚክስ፣ የኒውክሌር ፊዚክስ፣ የመሠረታዊ ኢነርጂ ሳይንስ፣ የሥነ ሕይወትና አካባቢ ምርምር ወዘተ። ዘርፉ ሰውየው የት እንደሚሠራ ይናገራል፤ መርሐ ግብሩ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ። ዝርዝሮቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አይገጥሙም። አንዲት ኬሚስት ከሦስት መርሐ ግብሮች ገንዘብ ሊመጣላት ይችላል፤ የሥራ ሰዓቷንም በየፕሮጀክቱ መለያ ቁጥር ከፋፍላ ታስመዘግባለች። ሁለቱ ዝርዝሮች ለምን አንድ አይሆኑም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በእኔ ግምት የቤተ ሙከራው ትልልቅ ውጤቶች የተገኙት ባለመግጠማቸው ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዋልተር አልቫሬዝ የተባለ የከርሰ ምድር ተመራማሪ ጣሊያን ውስጥ ጉቢዮ አጠገብ ካለ የድንጋይ ንጣፍ መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት የሸክላ አፈር አገኘ። ከእርሷ በታች የዳይኖሰሮች ዘመን ነው፤ ከእርሷ በላይ እነርሱ የጠፉበት። ይህቺ አፈር ለመጠራቀም ስንት ዓመት ፈጀባት? ጥያቄውን ለአባቱ ለሉዊስ አልቫሬዝ አቀረበ። አባትየው በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘ የበርክሌይ ቅንጣት ፊዚክስ ሰው እንጂ ስለ ድንጋይ የሚያውቀው አልነበረም። ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ኢሪዲየም የሚባለው ብረት ምድር ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ከሕዋ በሚወርድ አቧራ ግን ቀስ እያለ ይዘንባል። መጠኑ ቢለካ እንደ ሰዓት ያገለግላል።

የሚለካው ማን ነው? በዚያው ቤተ ሙከራ ፍራንክ አሳሮና ሔለን ሚሸል የሚባሉ የኒውክሌር ኬሚስትሪ ባለሙያዎች ነበሩ። ናሙናውን በኒውትሮን ይደበድቡታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መለያ የሆነ ጋማ ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩን በማንበብ ከቢሊዮን ክፍል ጥቂት ክፍሎችን ሳይቀር ይለያሉ። ይህንን ጥበብ ሲጠቀሙበት የኖሩት የጥንት የሸክላ ዕቃዎች ከየትኛው አፈር እንደተሠሩ ለማወቅ ነበር። የጉቢዮን አፈር ሲለኩ ኢሪዲየሙ ከአካባቢው ድንጋይ 30 እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ከዴንማርክ የመጣው ናሙና 160 እጥፍ። እንዲህ ያለውን መጠን የዘወትር አቧራ አያመጣውም። በ1980 አራቱ ሰዎች ዳይኖሰሮቹን ያጠፋው ከሕዋ የመጣ ግዙፍ አለት ነው ብለው ጻፉ፤ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ውስጥ ቺክሹሉብ ላይ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የተቀበረ ጉድጓድ የዚያ ግጭት ቦታ መሆኑ ታወቀ። ይህንን ሥራ ከየትኛው መርሐ ግብር ሥር ትመዘግበዋለህ?

የአርት ሮዘንፌልድ ታሪክ ግን የእኔንም ወገንተኝነት ይፈትናል። የታላቁ የፊዚክስ ሊቅ የኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪ ነበር፤ በሉዊስ አልቫሬዝ ቡድን ውስጥ የቅንጣቶችን ዱካ ሲያጠና ቆይቷል። በ1973 የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካኖች በየማደያው ተሰለፉ። ሮዘንፌልድ አንድ ምሽት ከቢሮው ሲወጣ የጎረቤቶቹን መብራት ላጥፋ ቢል፣ ማጥፊያዎቹ ከመጽሐፍ መደርደሪያና ከፋይል ሳጥን ጀርባ ተደብቀው አገኛቸው። የሚያጠፋቸው ሰው ኖሮ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የቅንጣት ፊዚክስን ትቶ መስኮትን፣ መብራትንና ማቀዝቀዣን ማጥናት ያዘ። የአንድ ሰው ቁርጠኝነት ግን ብቻውን አይበቃም ነበር። የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ፈርሶ በ1975 ኃላፊነቱ ሰፋ ያለ መሥሪያ ቤት ባይተካው፣ በ1977ም የኢነርጂ ሚኒስቴር ባይቋቋም ኖሮ ለዚህ ሥራ የሚሆን የበጀት መስመር አይኖርም ነበር። ካሊፎርኒያ ቀጥሎም የፌዴራሉ መንግሥት ለማቀዝቀዣዎች የፍጆታ ገደብ ሲያወጡ ስሌቱን ከሚሠሩት መካከል የበርክሌይ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የሚሸጥ የአሜሪካ ማቀዝቀዣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ይሰፋል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ከሲሶ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ዋሽንግተን ትክክል ነበር።

የሶል ፐርልሙተር ጉዳይ አጭር ነው። በ1988 እርሱና ሌሎች የቤተ ሙከራው የፊዚክስ ዘርፍ ሰዎች የሩቅ ከዋክብትን ፍንዳታ ማደን ጀመሩ፤ ለዓመታት እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልያዙም። በ1998 ሕዋ እየሰፋ የሚሄደው እየፈጠነ መሆኑን ከሌላ ተፎካካሪ ቡድን ጋር በአንድ ሰሞን አስታወቁ፤ በ2011 ፐርልሙተር ኖቤል ተካፈለ።

ነፃነት ሁልጊዜ ያምራል ማለት አይደለም። በ1999 ቤተ ሙከራው 118ኛውን ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ አስታወቀ፤ ኋላ መረጃው የተፈበረከ ሆኖ ስለተገኘ ግኝቱ ተሰረዘ። ቁጥጥርም የራሱ ጥፋት አለበት። ካርቦን 14ን ካገኙት አንዱ የሆነው ኬመን በ1944 በምስጢር አሾልኮ ጥርጣሬ ከሥራው ተባሯል።

በ1995 የሞቶሮላው ሮበርት ጋልቪን የመሩት ግብረ ኃይል ሚኒስቴሩ በቤተ ሙከራዎቹ የዕለት ሥራ ከመጠን በላይ ጣልቃ ይገባል ብሎ፣ ከመንግሥት ቢሮክራሲ ወጥተው እንደ ኩባንያ እንዲተዳደሩ ሐሳብ አቀረበ። ለቤተ ሙከራዎቹም አላዘነላቸውም፤ ከዋና ተልዕኳቸው ውጪ አዲስ ሥራ አያሳድዱ አለ። የኩባንያው ሐሳብ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

በሥራ ላይ ያለው ስምምነት አነስ ያለ ነው። የእያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ዳይሬክተር ከበጀቱ ጥቂቱን፣ በአብዛኞቹ ከ2014 ወዲህ ቢበዛ በመቶ 6፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ለሚያመጡት ሐሳብ መመደብ ይችላል። ቀደም ሲል ጣሪያው 8 ነበር። ተቺዎቹ ለአንድ ሥራ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ይውላል ይላሉ። እውነት ነው፤ ዓላማውም ይኸው ነው። ስድስት በመቶ ያንሳል ባይ ነኝ።

ብዙ ያልተወራለት ሦስተኛ መልስም አለ። በ1940ዎቹ ለሳይክሎትሮን በተሠራው ጉልላት ሥር ከ1993 ጀምሮ ሌላ መሣሪያ ይሠራል፤ ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ብርቱ የራጅ ብርሃን የሚያፈልቅ ሲንክሮትሮን ነው። እዚያ ማን እንደሚሠራ ዋሽንግተን አይመርጥም፤ ቤተ ሙከራውም ለብቻው አይመርጥም። ተመራማሪው የሥራ ዕቅዱን ይልካል፣ ከውጭ የተጋበዙ ባለሙያዎች ይመዝኑታል፣ የተሻለው ጊዜ ይሰጠዋል። ለውጭ አገር ዜጋም ክፍት ነው፤ አስቀድሞ የመግቢያ ፈቃድ ማግኘት ግን ግዴታ ነው። አፍሪካ የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፈር፣ የፕሮቲን ወይም የባትሪ ጥያቄ ይዘህ የተቀመጥህ ተመራማሪ ከሆንህ፣ ዕቅድህን ጽፈህ ላክ። የጉዞውን ወጪ አንተ ትችላለህ፤ ውጤቱን ለሕዝብ አሳትመዋለሁ ካልህ ግን ለመሣሪያው የምትከፍለው የለም።