ለሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ማመልከት

በኢትዮጵያ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ቢፈልግ፣ በቅድሚያ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። ፈተናውን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን የውጤት ማስረጃ በአብዛኛው የሚልከው የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው ቀኑ ያልፍበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የትምህርቱን ዓላማ በጽሑፍ መግለጽ ነው። ብዙዎች «አገሬን ለማገልገል» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ አባባል መልካም ቢሆንም አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይም። ይልቁንም አመልካቹ፣ በሚሠራበት ወረዳ የአንድ ገበሬ የመሬት ይዞታ ማመልከቻ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ወራት የሚፈጀው ለምን እንደ ሆነ ለማጥናት መፈለጉን ቢያስረዳ፣ መምህራኑ የሚጠይቁት ነገር ያገኛሉ፤ እርሱም ጉዳዩን በየቀኑ የሚያየው ስለ ሆነ የሚመልሰው አያጣም።