እንዴት ይሠራል? የጎንደር በራድና የባሕር ማዶ ሻይ

እህቴ ለጥምቀት ከውጭ ስትመጣ፣ በየወሩ በፖስታ ከሚደርሳት የሻይ ቅጠል ሦስት ሣጥን ሳትከፍት ይዛልን መጣች። ቅጠሉ እኛ እንደለመድነው ደቃቅ ፍሬ አይደለም፤ ረጃጅም፣ የተጠቀለለ፣ ውኃ ሲነካው የሚዘረጋ ነው። በአንደኛው የጥቁር ሻይ እሽግ ላይ «95 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። እንደተጻፈው አደረግን፤ ውኃው ተንተከተከ፣ ቅጠሉ ላይ አፈሰስነው፣ ደቂቃ ቆጠርን። እናታችን አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ልጆቼ፣ ይሄ ሻይ እኮ ገና አልፈላም።»

እውነቷን ነው። በራዱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ጎንደር ላይ ውኃ 95 ዲግሪ አይደርስም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃ ፈላ የምንለው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን አየር አሸንፎ መውጣት ሲችል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ጫናውም ይቀላል። ጎንደር ላይ ጫናው የባሕር ዳርቻውን አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ቀድሞ ያመልጣል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። ደባርቅ ላይ 90 ተኩል ገደማ፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ላይ ደግሞ 88 አካባቢ ይሆናል። እሳት ብንጨምር ውኃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ አይግልም። ደጋ ላይ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለት ዲግሪ ምን ያመጣል? ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው። ጥቁሩ ከተለቀመ በኋላ ጠውልጎ፣ ታሽቶ፣ አየር አግኝቶት የጠቆረ ነው፤ የተቆረጠ አቮካዶ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። አረንጓዴው ግን ቶሎ በሙቀት ስለሚመታ መጥቆሩ ገና ከጅምሩ ይቆማል። የጥቁሩ ሻይ መዓዛ ከቅጠሉ ቶሎ ይወጣል። ቀለሙንና አፍ የሚሞላውን ጉልበት የሚሰጡት ነገሮች ግን ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እናቴ ያጣችው ይህንን ጉልበት ነው።

ከካፋው ውሽውሽና ከኢሉባቦሩ ጉማሮ የሚመጣልን ሻይ በአብዛኛው ደቃቅ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ በሕንድ አሳም በተጀመረው ዘዴ፣ ጥርስ ያላቸው ማሽኖች ቅጠሉን ይጨፈልቁታል፣ ይቀዳድዱታል፣ ይጠቀልሉታል። እንዲህ የደቀቀ ቅጠል ለውኃው ብዙ ገጽ ስለሚሰጥ 93 ዲግሪ ይበቃዋል። ደግሞም እኛ ሻይ እናፈላለን እንጂ ውኃ አናፈስበትም። ብርጭቆ ውስጥ የተቀዳ ውኃ ወዲያው መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ ምድጃ ላይ ያለው በራድ ግን እስኪወርድ ድረስ 93ቱን እንደያዘ ይቆያል። የእናቴን አፈላል እንደ ልማድ ብቻ አይቼው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ለዚህ ከፍታ የተገባ ሥራ እንደሆነ አምናለሁ።

ረጃጅሙን ቅጠል በሌላ መንገድ ሞከርነው። በራዱን በፈላ ውኃ አሙቀን ውኃውን ደፋነው፤ ቅጠሉን ትንሽ ጨመር አድርገን ውኃውን ከእሳት እንደወረደ አፈሰስንበት፤ በፎጣ ሸፍነን በ3 ፈንታ 6 ደቂቃ አቆየነው። እናቴ ጠጥታ ደገመች። የአረንጓዴው ሻይ እሽግ 80 ዲግሪ ስለሚል፣ የፈላውን ውኃ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ማቆየት ብቻ በቂ ነው፤ እዚህ ላይ ደጋው ያግዛል።

ሦስቱን ሣጥን ለማነጻጸር የቀማሾችን ሕግ ተከተልን። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ 2 ግራም ቅጠል፣ ለ6 ደቂቃ ይላል። ዓላማው ሻዩን ማጣፈጥ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። ስኳርም ቀረፋም ቅርንፉድም ሳንጨምር ሦስት ሲኒ ደረደርንና፣ የቡና ቀማሾች እንደሚያደርጉት በማንኪያ እያነሳን በድምፅ ሳብነው። ልጆች ገበታ ላይ እንዲህ ሲስቡ እንቆጣቸዋለን፤ ቅምሻ ላይ ግን ድምፁ ሥራ አለው። አብሮ የሚገባው አየር መዓዛውን በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ያደርሳል። ምላስ ጣፋጭና መራራ፣ ጨውና ኮምጣጣ ከመለየት ብዙም አያልፍም፤ የቀረው የአፍንጫ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሻይ ውኃ ውኃ የሚለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሣጥን አሳዘነኝ። ጓዳ ውስጥ ከበርበሬው አጠገብ አስቀምጬው ኖሮ፣ ስንቀምሰው በርበሬ በርበሬ አለ። ደረቅ ሻይ ቅጠል ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ቻይናዎች ቅጠሉን ከጃስሚን አበባ ጋር አሳድረው መዓዛ የሚያስይዙትም በዚሁ ጠባዩ ነው። ቆርቆሮው በደንብ የሚገጥም ክዳን ይኑረው፤ ከቡናም ከቅመምም ይራቅ።

ሣጥኖቹ ሲያልቁ እናቴ ከደባርቅ የመጣላትን ጦስኝ አወጣች። ጦስኝ የሻይ ተክል ዘመድ አይደለም፤ የራሳችን ደጋ ቅጠል ነው። መዓዛው ያለው በቀላሉ በሚተን ዘይቱ ውስጥ ስለሆነ፣ አብሮ ከፈላ ቤቱን አውዶ ብርጭቆው ባዶ ይቀራል። እሷ በራዱን ከእሳት አውርዳ ጦስኙን ትጨምርና ወዲያው ትከድነዋለች። ስትከፍተው ክዳኑ ሥር የተጠራቀመውን ጠብታ መልሳ ወደ ሻዩ ታንጠባጥበዋለች። ያንን ክዳን አንድ ጊዜ አሽትቱት።