ስትጮህ ትበራለች፣ ዝም ስትል ትደክማለች
ትንንሾቹ የስፖርት መኪኖች ለኢሉባቦር መንገድ ይሆናሉ?

መቱ ላይ የእሁድ የኳስ ወሬ ሲያልቅ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ወደ መኪና ይዞራል። አንዱ ላንድክሩዘር ይላል፤ ሌላው ‹‹የሚያበላው አይሱዙ ነው›› ብሎ ይከራከራል። የወጣቱ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። እሱ የሚመኛት ዝቅ ያለች፣ ቀለል ያለች፣ ነዳጅ ሲረግጡላት የምትጮህ ትንሽ መኪና ናት። ለመሆኑ ይቺ መኪና ምን አላት? ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዝናብ በማይጠግበው ኢሉባቦርስ ታዋጣለች?

የዚህን ዓይነት መኪና ስም ካስጠሩት አንዷ የሆንዳ ሲቪክ ‹‹ታይፕ አር›› ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ሞተሯ 1,600 ሲሲ እንኳ አይሞላም ነበር። ክብደቷ ከ1,100 ኪሎ በታች ነው። ቱርቦ የላትም። ግን 185 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች። ምስጢሩ ያለው ዙሩ ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ጉልበት የምትሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 8,200 ጊዜ ሲዞር ነው። ካምሻፍቱ ላይ ለቀስታና ለፍጥነት የተለያዩ ጉብታዎች አሉ። ዙሩ ወደ 6,000 ሲጠጋ በዘይት ግፊት ወደ ትልቁ ጉብታ ይሸጋገራል፤ ቫልቮቹም ሰፋ ብለው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታሉ። ያኔ ድምፁም ጉልበቱም ይለወጣል። አፍቃሪዎቿን የሚያሳብዳቸው ይህቺው ቅጽበት ናት።

እኛ አገር ታይፕ አር ማየት ብርቅ ነው። በመንገዳችን የምትታወቀው ቪትስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው ይቺ ትንሽ ቶዮታ፣ አውሮፓ ላይ ‹‹ያሪስ›› ተብላ የ2000 የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብላለች። ‹‹አርኤስ›› የሚል ምልክት ያላት ባለ 1,500 ሲሲ ቪትስ በ6,000 ዙር 110 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት። ከታይፕ አር ጋር አትወዳደርም፤ ነገር ግን ጠባይዋ ያው ነው። ካላስጮኋት አትሮጥም።

ጥሩ ጎኗን ለማየት ከመቱ ወደ ጎሬ ያለውን መንገድ ማሰብ ይበቃል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኩርባና ዳገት ሞልቶታል። እዚህ ላይ ቀላል መኪና ቶሎ ትታጠፋለች፣ ቶሎ ትቆማለች። ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ሲወረድ ከፍታው ከ2,000 ሜትር ወደ 500 ገደማ ያሽቆለቁላል። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት አንድ ቶን የምትመዝን መኪና ፍሬኗ እንደ ከባድ መኪና ቶሎ አይግልም። ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝም ይቻላል።

ትንሽ መኪና በአፍሪካ ጭቃ ታሪክ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1974 የኬንያው ሾፌር ጆጊንደር ሲንግ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው በ1,600 ሲሲ ሚትሱቢሺ ላንሰር ነው። ሁለተኛ የወጣው ስዊድናዊው ቢዮርን ዋልደጎርድ ይነዳ የነበረው ፖርሽ 911 ነበር። ጆጊንደር በ1976ም በላንሰር ደገመው። ‹‹ትልቅ ሞተር ካልሆነ›› ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

አንድ ነገር ግን መረሳት የለበትም። የጆጊንደር መኪና ከፍ ተደርጋ፣ ሆዷ በብረት ተሸፍኖ፣ ጠጋኝ ቡድን ተከትሏት ነው የሮጠችው። የመቱው ወጣት ይህ ሁሉ የለውም።

ዋናው ችግር ከፍታው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በ1,000 ሜትር ከፍታ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ጎሬ ላይ አንድ አምስተኛው ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ የታይፕ አር 185 ፈረስ 150 አካባቢ ይሆናል። የቀረውም ቢሆን ያለው ከላይ ነው፤ በ2,000 ዙር ሲነዷት ተራ መኪና ናት። አራት ሰውና አንድ ጆንያ ቡና ጭና ዳገት ከጀመረች ሾፌሩ ማርሽ ሲቀያይር ይውላል። ፍሪሲዮኑ ያልቃል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። የናፍጣው አይሱዙ ከዚያ ግማሽ በማይሞላ ዙር ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ እየተጎተተም ቢሆን ይወጣል።

ሁለተኛው ሆዷ ነው። ዋናውን መስመር ትቶ ወደ ቡናው ቀበሌዎች የሚገባ ሰው የሚጠብቀው ኮረኮንችና ዳጥ ነው። ዝቅ ያለች መኪና ኮፓዋ ድንጋይ ከመታ ዘይቱ ይፈሳል። ሞተር በ7,000 ዙር እየጮኸ ዘይት ካጣ ደግሞ መፍረሱ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ቺንጊያውን በጊዜው ያልቀየረም ሰው እንደዚያው ነው፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ቺንጊያ ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። መለዋወጫው እስኪመጣ መኪናዋ ጋራዥ ደጅ ቆማ ሣር ይበቅልባታል።

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው አገር ውስጥ ያለውን፣ ሌሎች ሲያስጮኹት የኖሩትን ነው። የተጎዳ ሞተር ደግሞ በቀስታ ሲነዱት ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው።

እንግዲህ የቡና ብሩን በእጁ የያዘው ወጣት ምን ያድርግ? ሥራው ከመቱ በሁሩሙና በያዮ ወደ በደሌ የሚያመላልሰው ከሆነ፣ አስፋልቱን ካልለቀቀ፣ ዘይቷን በየሳምንቱ ካየ፣ ቀላሏ መኪና ታስደስተዋለች። በክረምት ቡና ለመጫን ከሆነ ግን አትሆነውም። ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፤ አራት ጓደኞቹን ጭኖ የጎሬን ዳገት ይውጣ። እላይ ሲደርስ አሁንም ፊቱ ላይ ፈገግታ ካለ፣ ይግዛት።