ከሚጣለው ዕቃ የምትወጣ የዕለት ጥበብ

የአንድ ቤት ሀብት በሚገባው ብቻ ሳይሆን በሚወጣውም ይታወቃል። ከየቤቱ በየማለዳው ተጠርጎ የሚጣለውን ያስተዋለ ሰው፥ ያ ቤት ምን እንደሚያውቅና ምን እንደ ረሳ ሊናገር ይችላል። በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ዛሬ ከቤት የሚወጣው ጥራጊ የቲማቲም ጣሳ፥ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን፥ የማዳበሪያ ከረጢት፥ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭና ካርቶን ነው፤ ጓሮ ያለው ቤት ደግሞ የእንሰት ደረቅ ቅጠልና የቃጫ ውዳቂ ይጨምርበታል። ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ከዚሁ ጥራጊ በየቀኑ አንዲት ትንሽ የጥበብ ሥራ ስለ መሥራት ነው። ነገሩ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ የቤተ ሰብን ፍቅርና የእጅ ሥራን ክብር የሚነካ ቁም ነገር አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማለዳ ከቤተ ሰቡ አንዱ አንዲት ቃል ይሰጣል፤ «ዝናብ» ወይም «ገበያ» ወይም «እንግዳ» ይላል። ማታ ልጆቹ፥ ቢቻልም አባትና እናት አብረው፥ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ያችን ቃል የምትገልጽ፥ ከመዳፍ የማትበልጥ ነገር ከተጣለ ዕቃ ይሠራሉ። ምንም ነገር አይገዛም። የጠርሙስ ክዳን ተደርድሮ የዝናብ ጠብታ ይሆናል፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ በካርቶን ላይ ተለጥፎ የገበያ ዳስ ይሆናል፤ የተገመደ ቃጫ ለእንግዳው በቅሎ ልጓም ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ቀኑና ቃሉ በጀርባው ይጻፋል፤ ከዚያም የነገው ቃል ይጠበቃል።

ቃሉ ስለ ምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ልጅን «የፈለግኸውን ሥራ» ቢሉት ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «ዝናብን ሥራልኝ» ቢሉት ግን ትናንት በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲወርድ የሰማውን ያስባል፤ ቀጥሎም በፊቱ ያለው ክዳንና ጨርቅ ያሰበውን ለመምሰል ይችል እንደ ሆነ ይመረምራል። ቃሉ ለልቡ መንገድ ይሆነዋል፤ የዕቃው ማነስ ደግሞ ብልሃቱን ያነቃበታል። በየቀኑ መሆኑም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ የዛሬው ሥራ ቢያስቀይም ነገ ሌላ ቀን ነውና ልጁ አያዝንበትም። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ይህ ልማድ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥ በሌላውም ዓለም አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ጄክ ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በኦክቶበር ወር በየቀኑ አንድ የቀለም ሥዕል መሣል ጀመረ፤ ኋላም ለየቀኑ አንድ ቃል የሚሰጥ ዝርዝር ወጥቶለት በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ተከተሉት። ነገር ግን ለቀን ስም ሰጥቶ በስሙ ሥራ መሥራትን፥ ከሚጣለውም ነገር ጠቃሚ ዕቃ ማውጣትን የጉራጌ አገር ከዚያ አስቀድሞ ያውቀዋል።

እንሰትን እንመልከት። ከእንሰት ቆጮና ቡላ ለምግብ ይወጣል፤ አሚቾውም ተቀቅሎ ይበላል። ባለሙያዋ ሴት ግንዱን ስትፍቅ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው፤ ቃጫውም ታጥቦና ደርቆ ገመድ ይሆናል። እርጥቡ ቅጠል ቆጮው የሚብላላበትን ጕድጓድ ያለብሳል፥ ለመጋገሪያና ለምግብ ማቅረቢያ ያገለግላል፥ ቅቤ ይጠቀለልበታል፤ ደረቁም ለማሰሪያና ለመኝታ ጉዝጓዝ ይውላል። ከታረደው በሬ ቀንድ የክትፎ ማንኪያ ይሠራል። እንግዲህ በጉራጌ እናት ቤት «ጥራጊ» የሚለው ስም የሚሰጠው ነገሩ የመጨረሻ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ ነው። የጂባው ምንጣፍ፥ የጣባው ቅርጽ፥ በቀለም አፈር የተለቀለቀው ግድግዳ፥ ሁሉም በቅርብ ከተገኘ ነገር በሴቶች እጅ የወጣ ጌጥ ነው።

የቀኑ ቃልም እንዲሁ እንግዳ አይደለም። በመስቀል በዓል ጊዜ ለያንዳንዱ ቀን የተለየ ስምና የተለየ ሥራ አለው። ደንጌሳት በተባለው ምሽት የጎመን ክትፎና አይብ ይቀርባል፤ ወኸመያ በተባለው ቀን ሰንጋ ይታረዳል። ከዚያም በፊት ሴቶች ቤቱን ያድሳሉ፥ ዕቃውን ያጥባሉ፥ ያስውባሉ። የቀኑ ስም ሲጠራ እያንዳንዱ ሰው እጁ ምን ሊሠራ እንደሚገባው ያውቃል። እኛ የምንለው ይህንኑ የበዓል ሥርዓት አሳንሶ ወደ ዘወትሩ ቀን ማምጣት ነው።

በመላው አገራችን ሌላም ምሳሌ አለ። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፥ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባና መልአክ በቀለም የሣሉበትን ወረቀት ለየቤቱ ያድላሉ። ቃሉ ለሁሉም አንድ ነው፥ እርሱም «አዲስ ዓመት» ነው፤ ሆኖም በእጅ ከተሣሉት ወረቀቶች ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም። ዛሬ ብዙው ልጅ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ስለሚያድል፥ ወረቀቱ ያማረ ቢሆንም የልጁ እጅ አይታይበትም። ከሽቦ መኪና፥ ከአሮጌ ካልሲና ጨርቅ ኳስ መሥራትም በዚሁ ዓይነት እየቀነሰ ነው።

ከተጣለ ነገር ጋር መኖርን የጉራጌ ሰው በከተማም አስመስክሯል። የአዲስ አበባ መርካቶ የጉራጌ ነጋዴዎች ድካም ያለበት ገበያ መሆኑ የታወቀ ነው። በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰው «ቆርቆሮ ያለው!» ብሎ ሲጣራ፥ ጥሪው በአፍ ፈጥኖ «ቆራሌው» ሆኗል። እርሱ የሰበሰበው በርሜልና ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ ደርሶ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ምድጃ፥ መጥበሻና ሳጥን ሆኖ ተመልሶ ወደ ቤታችን ይገባል። ይህ ለኑሮ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚሁ ገበያ ግን የጥበብ ሥራም ወጥቷል። ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜ በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው በ1982 ዓ.ም. ተመረቁ። እርሳቸው የልብስ ቍልፍ፥ ክርና የጠርሙስ ክዳን፥ ቀጥሎም የተበላሸ የኮምፒዩተር አካልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመርካቶ እየሰበሰቡ፥ በትዕግሥት እየሰፉና እየጐነጐኑ ትልልቅ ሥዕሎችን ሠሩ፤ ሥራዎቻቸውም በአሜሪካ ሙዚየሞች ታይተዋል። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል፤ ቤቶቹም ከጭቃና ከጭድ በጥንቱ ያገር ብልሃት የታነጹ ናቸው። በአውሮፓም ስመ ጥሩው ፓብሎ ፒካሶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 የአሮጌ ብስክሌት መቀመጫና መሪ አጋጥሞ የበሬ ራስ ሠርቷል። ከነዚህ የምንማረው የጥበቡ ዋጋ በዕቃው ውድነት ሳይሆን በሠሪው ዐይንና እጅ መሆኑን ነው።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ዕንቅፋት ተጋድሞአል፤ እርሱም ንቀት ነው። በአገራችን አንጥረኛው፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። በጉራጌም አገር የዚያን ያማረ ክብ ቤት ምሰሶ የሚያቆመው እንጨት ሠሪ፥ ፉጋ በሚል የንቀት ስም እየተጠራ፥ መሬት እንዳይዝና ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተከልክሎ ኖሯል። ሰዎች በሠራው ጣራ ሥር ተጠልለው፥ ሠሪውን ግን በማዕዳቸው አላስቀመጡትም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው፥ ነገሩ ለመንግሥትም ጕዳት መሆኑን ስላወቁ ነው።

አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ንቀትን ከልብ አይነቅልም፤ ንቀት የሚነቀለው በቤት ውስጥ ነው። መኰንኑ አባት ልጁ ጭቃ ይዞ ሲገባ «ጣለው፥ እጅህን አታቆሽሽ፥ አንተ የምትማረው ለብዕር ነው» ቢለው፥ ልጁ የሚማረው ንጽሕናን ብቻ አይደለም፤ በእጅ መሥራት ያሳፍራል የሚለውንም ትምህርት አብሮ ይወስዳል። ይኸው ልጅ አድጎ ከዩኒቨርሲቲ በወጣ ጊዜ የቢሮ ወንበር ካልተገኘለት ሥራ የለም ብሎ ቢቀመጥ ማንን እንወቅሳለን? አባት በምሽት ሩብ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጦ ክዳን ቢለጥፍና ክር ቢቋጥር ግን፥ ያለ ብዙ ንግግር የእጅን ሥራ ያከብርለታል።

ሁለተኛውም ጕዳይ የእናቶች ዕውቀት ነው። ዛሬ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ተወልዶ ያደገ ብዙ ልጅ የፕላስቲክ ምንጣፍ እንጂ የጂባን አሠራር አያውቅም፤ ቃጫ እንዴት እንደሚፋቅ አላየም። አያቱ ግን ታውቃለች፤ እርስዋን የሚጠይቃት ስለ ጠፋ ዝም ትላለች። የዕለቱ ቃል «ገመድ» በሆነ ጊዜ ልጁ «እማማ፥ ቃጫው እንዴት ይገመዳል?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እርስዋም በጣቶችዋ ታሳየዋለች። በመጽሐፍ ያልተጻፈው ዕውቀት እንዲህ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እንግዲህ ለመጀመር ለምትሹ ጥቂት ምክር እንስጣችሁ። አንዲት ሣጥን አዘጋጁና ክዳን፥ ቍልፍ፥ ካርቶን፥ ጨርቅ፥ ክር፥ የአትክልት ፍሬና ደረቅ ቅጠል ሰብስቡባት። ማጣበቂያ ለመሥራት አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፥ እስኪወፍር ድረስ በለዘብተኛ እሳት ላይ ማማሰል ይበቃል። ለጥቁር ቀለም ከሰል፥ ለቢጫ ዕርድ፥ ለቀይ ቀይ ሥር፥ ለቡናማ የቡና አተላ ይሆናል። ያገለገለ ባትሪ፥ የመድኃኒት ዕቃ፥ መርፌና የተሰበረ ጠርሙስ ወደ ሣጥኑ ከቶ አይግባ፤ የጣሳውንም ስለት ትልቅ ሰው አስቀድሞ ያጥፈው። ትንንሽ ፍሬና ቍልፍ ወደ አፉ ከሚከት ሕፃን ይራቅ።

ለመጀመሪያው ሳምንት ቃል ለማጣት እንዳትቸገሩ፥ ሰኞ «ምሰሶ»፥ ማክሰኞ «ዝናብ»፥ ረቡዕ «ገበያ»፥ ሐሙስ «ገመድ»፥ ዓርብ «እጅ»፥ ቅዳሜ «ወፍ»፥ እሑድ «እንግዳ» ይሁን። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የቤቱ ታላቅ፥ አንድ ቀን ታናሹ ይምረጥ። ሰፊውን ለምለም ጀፎረንና በቡታጅራ ሰማይ ላይ የሚታየውን የዘቢዳር ተራራንም አትርሱ፤ ልጅ ያገሩን መልክ በእጁ ከሠራው አይረሳውም። የአንዱን ልጅ ሥራ ከሌላው ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ይልቁንም «ይህን ስትሠራ ምን አሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ሥራ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ያስወግዳል፥ ወይም ገንዘብ ያመጣል አንልም። ከመቶ ልጆችም አንዱ ሠዓሊ ባይሆን አያስደንቅም። የሚጣለውን ነገር ሁለት ጊዜ የሚመለከት፥ ያሰበውን በእጁ የሚፈጽም፥ ሠሪን የማይንቅ ልጅ ግን ለቤቱም ለመንግሥቱም ሀብት ነው። አበው «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ብለዋልና።

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራም ከ2015 ዓ.ም. የክልል አደረጃጀት ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። በአስተዳደር ቢለያዩም፥ ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ እስላሙ ለዓረፋ ካዲስ አበባና ከሌላው አገር ወደ ወላጆቹ ሲመለስ ሁለቱም ከተሞች በዘመድ ይሞላሉ። ያን ጊዜ የአንድ ወር ሥራ በግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅሎ ቢገኝ፥ እንግዳው ከመርካቶ ካመጣው ስጦታ ይልቅ በዚያ ላይ ዐይኑን ያሳርፋል፤ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎም ይጠይቃል። መልሱን ልጁ ራሱ ይስጥ፤ ገመዱን ያስተማረችው አያቱም በክብር ከአጠገቡ ትቀመጥ።