ዋናተኛው ውሃ ውስጥ፣ ማስታወቂያው የት?

የጎዳና ሯጭ የስፖንሰሩን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ ለሰዓታት ካሜራ ፊት ይሮጣል። ባሕር ወይም ሐይቅ የሚያቋርጥ ዋናተኛ ግን ከውሃው በላይ የሚታየው ቆቡና ተራ በተራ ብቅ የሚለው ክንዱ ነው። የእንግሊዝ ቻናል ዋና ሕግ ተራ የዋና ልብስ፣ ቆብና መነጽር ብቻ ይፈቅዳል፤ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽንም ሰውነት ላይ ማስታወቂያ መጻፍን ከልክሏል። ጀልባው፣ ታዛቢውና ነፍስ አድን ሠራተኛው ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ። ለማይታይ ስፖርተኛ ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት በምላሹ ምን ያገኛል? ስፖርቱስ ምን ይከፍላል? ጥያቄው የቆየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1875 ካፒቴን ማቲው ዌብ ከዶቨር ተነስቶ ቻናሉን 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ዋኝቶ ፈረንሳይ ካሌ ደረሰ፤ ምስሉም የክብሪት ቀፎ ላይ ታተመ። በ1926 ቻናሉን በማቋረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው አሜሪካዊቷ ገርትሩድ ኤደርሊ ደግሞ ከዴይሊ ኒውስና ከቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጦች ጋር ተዋውላ ነበር። እነሱ ወጪዋን ቻሉ፣ እሷ ታሪኳን ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዋና ለአስተዋዋቂ የሚሸጠው ዋናው ነገር ይኸው ታሪክ ሆነ።

ታሪክ መሸጥ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት 1927ን ብቻ ማንሳት ይበቃል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የማስቲካው ባለሀብት ዊልያም ሪግሊ ካሊፎርኒያ አጠገብ ካለችው የራሱ የካታሊና ደሴት እስከ የብሱ ድረስ የዋና ውድድር አዘጋጀ። ለአሸናፊው የተመደበው 25,000 ዶላር ነበር። ሪግሊ የፈለገው የደሴቲቱ ስም በየጋዜጣው እንዲነሳና ቱሪስት በክረምትም እንዲመጣለት ነው። ሰውነታቸውን በቅባት የለወሱ 102 ዋናተኞች ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ገቡ። ማዶ የደረሰው አንድ ብቻ ነው፦ የ17 ዓመቱ የቶሮንቶ ልጅ ጆርጅ ያንግ፣ በ15 ሰዓት ከ44 ደቂቃ። ሌሎቹ በሙሉ ከውሃው ወጥተው በጀልባ ተመለሱ። ከመቶ በላይ ሰው በጥር ወር ክፍት ባሕር ውስጥ ያስገባው የስፖርቱ ፍላጎት ሳይሆን የደሴቲቱ የገበያ ወቅት ነበር።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ለንደን ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራ የነበረችው መርሴዲስ ግላይትዘ ቻናሉን በማቋረጥ የመጀመሪያዋ ብሪታኒያዊት ሆነች። ቀናት ሳይቆዩ ዶሮቲ ሎጋን የተባለች ሐኪም በ13 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አቋርጫለሁ ብላ ከአንድ ጋዜጣ 1,000 ፓውንድ ተሸለመች። ብዙም ሳትቆይ ግን እውነቱን ራሷ አወጣችው፤ አብዛኛውን መንገድ የሄደችው በጀልባ ነበር። ይህን ያደረግሁት የቻናል ዋና ምን ያህል ቁጥጥር እንደሌለው ለማሳየት ነው አለች፤ ገንዘቡንም መለሰች። ጥርጣሬው ግን በእውነት የዋኘችውንም አልማራትም። ግላይትዘ ስሟን ለማጥራት ጥቅምት 21 ቀን ዳግም ባሕር ገባች።

የሮሌክሱ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ዕድሉን ያየው እዚህ ላይ ነው። ውሃ አያስገባም የተባለለት አዲሱ ኦይስተር ሰዓት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ አብሯት ዋኘ። ከ10 ሰዓት በላይ ከታገለች በኋላ ቅዝቃዜው አዳክሟት ማዶ ሳትደርስ አወጧት። ሰዓቱ ግን አልቆመም። ኅዳር 24 ቀን ሮሌክስ የዴይሊ ሜይልን የፊት ገጽ ገዝቶ ይህንኑ ለሕዝብ ነገረ። ከሪግሊ ውድድር ጋር ሲተያይ ይህኛው እጅግ ንጹሕ ነው፤ ዕቃው የዋናተኛዋን ፈተና አብሮ ተፈተነ እንጂ ፈተናውን ለገበያው ሲል አልፈጠረም። ግላይትዘም ስሟ ያስገኘላትን ገንዘብ ሌስተር ከተማ ውስጥ ለተቸገሩ ሰዎች መጠለያ አዋለችው።

የሎጋን ቅሌት ሌላም ነገር ወለደ። የቻናል ዋና ማኅበር በዚያው ዓመት ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲህ ታዛቢ በጀልባ ተከትሎ ያልመዘገበው ዋና አይጸድቅም።

ዛሬ አስተዋዋቂው ውሃው ላይ ቦታ አግኝቷል። አውሮፓንና እስያን የሚያገናኘው የቦስፎረስ ውድድር የሳምሰንግን ስም ይዞ ሲካሄድ ቆይቷል፤ በውድድሩ ሰዓትም የመርከብ ጉዞ ይቆማል። በደቡብ አፍሪካው የሚድማር ግድብ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ማይል በሚዋኙበት ዝግጅት፣ ስፖንሰሩ የታሸገ ውሃ አምራች ሆኖ ቆይቷል። ከሁሉም ብልህ የሆነው ግን መታጠፊያው ላይ የሚቆመው በአየር የተነፋ ትልቅ ተንሳፋፊ ነው። ዋናተኛው በየጥቂት ቅዝፊያው ቀና ብሎ አቅጣጫ የሚፈልገው በእሱ ነውና ማስታወቂያው መንገድ ይመራል። የስፖንሰር ስም የታተመበት ደማቅ ቆብም እንዲሁ ነው፤ ነፍስ አድኑ ማዕበል መሃል ሰው የሚለይበት እሱ ነው።

ስፖንሰር ሲገኝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ገንዘቡ ስንት የነፍስ አድን ጀልባ ያሰማራል የሚለው ነው። በ2010 አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን ኤምሬትስ ውስጥ ፉጃይራ ላይ በተካሄደ የ10 ኪሎ ሜትር የዓለም ዋንጫ ውድድር ሞቃት ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ሞተ። የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ አስከሬኑ የተገኘው ሌሎቹ ጨርሰው ከወጡ በኋላ ነው። ፌዴሬሽኑ ከዚያ በኋላ ለውሃው ሙቀት የ31 ዲግሪ ጣሪያ አበጀ። ቴርሞሜትሩ ከዚያ ሲያልፍ፣ ወይም ማዕበሉ ሲበረታ፣ የተሸጠው የቴሌቪዥን ሰዓትና የተሰቀለው ባነር ውድድሩ እንዲጀመር መግፋታቸው አይቀርም። የመሰረዝ ሥልጣን የደህንነት ኃላፊው ብቻ መሆኑና ስፖንሰሩ በዚህ ምክንያት ገንዘቡን እንደማያስመልስ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ መስፈር አለበት።