የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃዎች እጥበትና በቤት ውኃ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በመንገድ ዳር የሚተከሉት የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃዎች፣ በተለምዶ ሃይድራንት የሚባሉት፣ በየጊዜው ተከፍተው መታጠብ ይኖርባቸዋል። እንደ አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ውኃ በአስፋልት ላይ ሲፈስ ማየት ነዋሪውን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ሆኖም ሥራው ብክነት ሳይሆን የመጠጥ ውኃን ጥራትና የሰውን ሕይወት የሚጠብቅ ጥገና ነው።

እጥበቱ ለምን ያስፈልጋል?

አዲስ አበባ ውኃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ አካባቢ ከሚገኙ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ውኃው ከተጣራ በኋላም በረጅም መስመር ሲጓዝ ብረትና ማንጋኒዝ፣ ከአሮጌ ቧንቧ የሚላቀቅ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ በቧንቧው ውስጥ ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ የሚበዛው ውኃው ቀስ ብሎ በሚሄድባቸው የመስመር መጨረሻዎች ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ውኃው ስለሚቆይ ጀርሞችን የሚከላከለው ክሎሪንም እየቀነሰ ይሄዳል።

መቅጃው ሲከፈት በኃይል የሚወጣው ውኃ ዝቃጩን ጠርጎ ያወጣል፤ የተሻለ ክሎሪን ያለው ውኃም ይተካዋል። በዚሁ አጋጣሚ የቫልቩ ደኅንነትና የውኃው ግፊት ይፈተሻል። ለዓመታት ያልተከፈተ መቅጃ ቃጠሎ በተነሣ ሰዓት ላይከፈት ይችላል።

በቤት ውስጥ ምን ይታያል?

በእጥበቱ ወቅትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ግፊቱ ሊቀንስ፣ ውኃውም ቢጫ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በአብዛኛው ከዝገት የሚመጣ ነው። ወተት የመሰለ ነጭ ውኃ ግን አየር የያዘ ነው፤ በብርጭቆ ሲቀመጥ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል።

ነዋሪዎች ሊወስዷቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

- ከእጥበቱ በፊት ለመጠጥና ለምግብ የሚበቃ ውኃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ፤ ዝቃጭ እንዳይገባ የሮቶውን መግቢያ መዝጋት።
- ውኃው እስኪጠራ ድረስ ቦይለርና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለመጠቀም።
- ከእጥበቱ በኋላ ለቆጣሪው ቅርብ የሆነውን የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ ማፍሰስ፤ የወጣውንም በባልዲ ተቀብሎ ለመጸዳጃ ቤት ማዋል።
- በልብስ ላይ የዝገት ቀለም ከታየ በረኪና አለመጨመር። በረኪና ቀለሙን ይበልጥ ያጸናዋል፤ ልብሱን ሳይደርቅ በጠራ ውኃ ደግሞ ማጠብ ይሻላል።

አደጋን የሚያመለክቱ ምልክቶች

ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ዝገትን አያስወግድም፤ በአንጻሩ የጠራ ውኃ ሁሉ ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ውኃ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ግፊት ባልነበረበት ሰዓት በተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ ሊገባ ስለሚችል፣ የሚጠጣውን ማፍላት ይገባል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው እንደ አዲስ አበባ ያሉ ከተሞች ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። የፍሳሽ ሽታ ያለው ወይም እስከ ማግሥቱ ያልጠራ ውኃ ግን የእጥበቱ ውጤት ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። እንዲህ ያለውን ውኃ ሳይጠጡ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ለሚገኘው የውኃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በመቅጃዎች አጠገብ ተሽከርካሪ አለማቆምና የግንባታ ዕቃ አለመከመር የሁሉም ነዋሪ ኃላፊነት ነው።